ወፎቹ መስታወቱን አዩት

ጥቅምት ፲፪ ቀን

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ጉራ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነው እንጂ ይህን ቀደም ብዬ በጻፍኩልህ ነበር። እማዬ የምታጸዳው የቢሮ መስታወት ከመጥራቱ የተነሳ፣ ወፎች ሰማይ እየመሰላቸው ይጋጩና ይሞቱ ነበር። በሳሙና ነጠብጣብ ሠራሁበት፤ እሷ በልማዷ ወለወለችው! አለቃዋን አስፈቅጄ በቀለም ደገምኩት። ዘበኛው «አንቺ ልጅ፣ ሕንጻውን ኩፍኝ አስያዝሽው!» ብሎ ሳቀብኝ። ይያዘው! ይኸው በቀባሁት በኩል ሳምንቱን ሙሉ አንድም ወፍ አልወደቀም። ዛሬ መንጋው መስታወቱ ጋ ሲደርስ እጥፍ ብሎ ሲዞር፣ እኔ ዝምተኛዋ እልል አልኩ። እማዬም ሳቀች፤ ሳሏ እስኪያቋርጣት። አሁን አሁን ደረጃው መሃል ትቀመጣለች፤ «ወፎቹን ልይ ብዬ ነው» ትላለች።

በል በሰላም ያገናኘን። የላይኛው ፎቅ ስለሚቀረኝ፣ ነገ ቀለሙንም የእሷን ባልዲም ይዤ እኔው እወጣለሁ።

እህትህ