ከግድግዳው ውጭ ሆኜ የቆጠርኩት

ይድረስ ለዘነቡ፣ ለቤቴ ባለቤት፤

ከሄድሽ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ጤናሽን አልጠይቅም፤ ከእንግዲህ የሚያምሽ ነገር የለም። እኔ ደህና ነኝ ብልሽ ደግሞ አታምኚኝም፤ ስዋሽ ጆሮዬን እንደማክክ ካንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ ሙሉ ናት፣ የልጃችን የደረጄ ሚስት። አንቺ ሳታያት የመጣች ምራትሽ ናት። አስተማሪ ስለሆነች ቃሌን ላሳምር ትላለች፤ እኔ ግን እንደወጣ ጻፊው ብያታለሁ።

ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ያፈስ የነበረውን ሠራሁት። የጓሮውን ግንብም ከፍ አደረግሁት፤ ማን እንዳይገባብኝ እንደሆነ አላውቅም። ነጠላ ጫማሽ በሩ ላይ እንዳለ ነው። እያደናቀፈኝ አልፈዋለሁ እንጂ አላነሳውም። ቀኑን ሙሉ የማናግረው የማቦካውን ሲሚንቶ ነው፤ እሱም አይመልስልኝም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የሐሙስ ክፍልሽን ዘግቼው ነበር።

ክፍሉን ከሶማሊያ ጦርነት በፊት የህንዱ መምህርና ሚስቱ እንደተከራዩት ታስታውሻለሽ። ሴትዮዋ አርግዛ ሳለች ሰሌን አንጥፋ ስትንጠራራና በቀስታ ስትተነፍስ አይተሽ ምንድን ነው ብለሽ ጠየቅሻት፤ ዮጋ ነው አለችሽ። ጦርነቱ ሲመጣ እነሱ አገራቸው ገቡ፣ ዮጋው አንቺ ዘንድ ቀረ። እኛም ከሸሸንበት ወደ ጅጅጋ ስንመለስ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ወጣት ነፍሰ ጡሮችን ትሰበስቢ ጀመር። የወታደር ሚስት ትመጣለች፣ የባለሱቅ ሚስት ትመጣለች፣ ከሀርሺን የመጣች የግመል ነጋዴ ሚስትም ነበረች። አንቺ ታማትቢያለሽ፣ በሶማሊኛ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የምንላት ወተት ሻጯ ጎረቤታችን ሀሊማ ቢስሚላሂ ትላለች፣ ከዚያ ትጀምራላችሁ። እኔ ሳቅሁባችሁ። መተንፈስም ትምህርት ሆነ ወይ አልኩ።

ይህን ደግሞ አልነገርኩሽም። ቀበሌ ጠርቶኝ ነበር፤ ቤትህ ያልተፈቀደ ስብሰባ አለ ብለው። ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚያ የሚናገር የለም፣ የሚተነፍሱ ብቻ ናቸው፤ መተንፈስ ከተከለከለ ንገሩኝና እኔም ላቁም አልኩት። ሰውየው ስቆ ለቀቀኝ። ያልነገርኩሽ የደገፍኩሽ እንዳይመስልሽ ነው።

ለምን እንደምትደክሚ አንድ ቀን ብቻ ነገርሽኝ። ደረጄን ስትወልጂ እኔ ሽንሌ ግንብ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁለት ቀን አማጥሽ። "ቻይ የሚለኝ ሞልቶ ተንፍሺ የሚለኝ አጣሁ" አልሽኝ። እኔ መዶሻዬን አንስቼ ወጣሁ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ያን ቀን ነው፤ ዛሬ ጠይቄሻለሁ።

በሄድሽ በሦስተኛው ወር ኤዶ ሀሊማ ሁለት ነፍሰ ጡሮች አስከትላ መጣች። ሰሌኑን እኛ እናንጥፈው፣ የዘነቡ ነገር አይጥፋ አለች። ይህ የሐዘን ቤት ነው፣ ሂጂ ወተትሽን ሽጪ ብዬ በሩን ዘጋሁባት። ክፍሉን በሲሚንቶ ከረጢት ሞላሁት። ሰሌንሽን ሲሚንቶው ላይ አለበስኩት። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ከሰዓት ቤቱ ዝም አለ። የፈለግሁት ዝምታ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ደረጄ ሙሉን አመጣት። እሱ ሽንሌ ባቡር ጣቢያ ይሠራል፤ ሙቀቱ ስለጎዳትና እዚህ ሆስፒታል ስላለ ሰባተኛ ወሯ ሲገባ እኔ ጋ አስቀመጣት። እናቷ ያለችው ጎጃም ነው። ወገቧን ያማታል፣ ምጥን ስታስብ እንቅልፍ አይወስዳትም። ነርሷ "ተንቀሳቀሺ፣ ተኝተሽ አትዋዪ" ብላ ሰደደቻት። እንዴት እንደሆነ ግን ማን ያሳያት?

ዘነቡ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከግድግዳው ውጭ ድንጋይ የምጠርበው ሥራ ኖሮኝ አልነበረም። እሰማሽ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቃል አላመለጠኝም። ስለዚህ ማንንም አልለምንም፣ እኔ አለሁ አልኩ። ሲሚንቶውን አወጣሁ፣ ሰሌኑን አራገፍኩ፣ በመሃል መጋረጃ ሰቀልኩ። አማት ምራቱ መሬት ላይ ስትንጠራራ አያይም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። እስከ አራት ስቆጥር ትንፋሽሽን ሳቢ፣ እስከ ስድስት ስቆጥር ልቀቂ አልኳት፣ ልክ እንዳንቺ።

ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ስትሄጂ ግን ዝም ትይ ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ ምን እንደምታደርጉ እኔ አላየሁም። ግንበኛ ከባድ ድንጋይ ሲያነሳ ትንፋሹን ይይዛል፤ እናንተም የምትይዙ መሰለኝ። ያዢ አልኳት። አሁንም ያዢ። ልጅቷ እኔን አክብራ ያዘች። ከዚያ ድም የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መጋረጃውን ቀድጄ ገባሁ፤ ይሉኝታዬ የት እንደገባ እንጃ። ራሷን ስታ በጎኗ ወድቃለች። ውሃ ረጨኋት፣ ነቃች። "አባባ፣ ልጁ አይንቀሳቀስም" አለችኝ።

ማንንም ለምኖ የማያውቀው ባልሽ ታደገ ወተት ገበያ ድረስ ሮጠ። ሀሊማ ፊት ቆሜ አጥፍቻለሁ፣ ድረሽልኝ አልኳት። ወተቷን ለጎረቤቷ ጥላ ተነሳች። ነርሷን ሰው ልካ አስጠራች፣ መንገዱን ሁሉ ደግሞ እኔን ሰደበች። "አቦ ታደገ! እርጉዝ ትንፋሽ ትይዛለች ወይ? ዘነቡ ዝም የምትለው እኮ እንደልባችን እንድንተነፍስ ነው! አንተ ግድግዳ ትሠራለህ እንጂ ሴት አትሠራም፣ ወላሂ!" ሙሉን በግራ ጎኗ አስተኛቻት፣ በጉልበቶቿ መሃል ትራስ ከተተች፣ ግንባሯን እየዳበሰች በቀስታ አስተነፈሰቻት። ነርሷም ደርሳ ሆዷን አዳመጠች። ጥቂት ቆይቶ ሙሉ ስትስቅ ሰማሁ፤ ልጁ ረግጧታል። እኔ ውጭ ግድግዳዬን ተደግፌ አለቀስኩ። ይህንንም ጻፊው ብያታለሁ።

ሐሙስ እንዲህ ተመለሰ። የሚያሳዩት ሀሊማና ያስተማርሻቸው ሴቶች ናቸው። ቁጥሩን ግን ሀሊማ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ድምፅህ ለሌላ ነገር አይረባም ብላ። ውጭ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ እጠራለሁ። ዝም በሚባልበት ቦታ እኔም ዝም እላለሁ።

ሙሉን ምጥ የያዛት ቀን ሆስፒታሉ መስኮት ሥር ቆሜ ቆጠርኩላት። አዋላጇ "አባት፣ ይሂዱልን እንጂ" ስትለኝ ሙሉ ከውስጥ "ተያቸው፣ ይቁጠሩልኝ!" ብላ ጮኸች። ሴት ልጅ አገኘን፣ ዘነቡ። አሁን እናቷ ጭን ላይ ሆና ወረቀቱን በእግሯ ትመታለች።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነስታ ደረጄ ሁለቱንም ወደ ሽንሌ ይወስዳቸዋል። ያን ጊዜ ይህ ቤት እንደገና የእኔ ብቻ ይሆናል። ይህን ስናገር ሙሉ ብዕሯን አቆመች። ጻፊ አልኳት።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በመጨረሻዎቹ ሐሙሶችሽ ስትቆጥሪ አምስት ላይ ትንፋሽሽ ያልቅ ነበር። ሴቶቹ እንዳያውቁብሽ ስድስትን ዘለሽ ወደ አንድ ትመለሺ ነበር። እኔ ከውጭ መዶሻዬን አቁሜ ስድስትን በቀስታ እልልሽ ነበር። አልሰማሽኝም። ገብቼ ዕረፊ ማለት ነበረብኝ፤ ኮራሁ።

አሁን ሴቶቹ ሐሙስ ወደየቤታቸው ሲሄዱ አንድ ዙር ብቻዬን እጨምራለሁ። ክፍሉ ባዶ ነው። አምስት ላይ ስደርስ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ስድስትን እላለሁ፤ እንደ ድሮው በቀስታ አይደለም፣ ጎረቤት እስኪሰማ ነው። ትንፋሼ እስካለች ድረስ አንድ ሐሙስ አላጎድልብሽም።

ታደገ፣ ባልሽ። በጣቴ ፈርሜያለሁ።