ከፎቶዎ ጀርባ ስለቀረው ማስጠንቀቂያ

ለተከበሩ የአውራጃው የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ፣ ሹፌርዎስ? በእሳተ ገሞራው ሥር የምንኖር የፑካሎማ ሰዎች እርስዎ በሰላም ውለው እንዲገቡ ዘወትር እንጸልይልዎታለን፤ ከዚህ መንደር የሚወጣ ነገር ሁሉ ሲዘገይ ጸሎት ብቻ ሳይቋረጥ እንደሚደርስ ስለምናምን።

እኔ ሶይላ ቺካይሳ እባላለሁ፤ ተራራውን እንድጠብቅ መንደሩ የመረጠኝ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት በሬዲዮ ስንነጋገር ከኖርን በኋላ አምና ሬዲዮኑን ወስደው በምትኩ ኮምፒውተር ስለሰጡን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሬዲዮኑ በጠሩት ቁጥር ይመልስ ነበር፤ ያለ ጥርጥር ኋላ ቀር ነበር። አሁን «ውጡ» የሚለው ትእዛዝዎ የሚደርሰን በዚህ ኮምፒውተር ብቻ ስለሆነ፣ የሚከተሉትን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ኮምፒውተሩ በየሰዓቱ በራሱ እየጠፋ ይነሳ ነበር። ጥፋቱ በከፊል የእኛ መሆኑን አልክድም። እንደሚያውቁት እኛ ዘንድ አዲስ ነገር፣ ቤትም ይሁን መኪና፣ ያለ ክርስትና እናት ሥራ አይጀምርም። ኮምፒውተሩን የመንደራችን ልብስ ሰፊ ወይዘሮ፣ ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ ክርስትና አነሱት፤ «ከአመድ ለመከላከል በማንኛውም ጊዜ ተሸፍኖ ይቀመጥ» የሚለው ሰርኩላርዎ ሲመጣም፣ ለሕፃኑ ኢየሱስ ምስል በየገናው የሚሰፉትን ዓይነት ባለጥልፍ የከፋይ ቀሚስ አለበሱት። በዚያ ቀሚስ ውስጥ እየታፈነ ሲግልና ሲጠፋ ሦስት ወር ሙሉ ምክንያቱ አልገባንም። ስልክ ወደሚሠራበት ወደ ድልድዩ ወርጄ ስደውል፣ ባለሙያዎ ኢንጅነር ባይሮን «አጥፍተሽ አብሪው፣ እህቴ» ይሉኝ ነበር። «እሱማ ራሱ እየጠፋ ራሱ እየበራ ነው፣ ጌታዬ» ብላቸው «ታዲያ ምን ጎደለሽ?» አሉኝ። በመጨረሻ ቀሚሱን በራሳችን ምርምር አወለቅነው። ዶኛ ኤርሜሊንዳ «ልጄን በብርድ ልትጨርሱት ነው!» ብለው እስካሁን አኩርፈውናል፤ ማሽኑ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልጠፋም።

፪ኛ፦ ኔትወርኩ ግን የእኛ ጥፋት አይደለም። በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ያለው አንቴና ከማዶ ኮረብታ ካለው ምሰሶ ጋር ፊት ለፊት መተያየት አለበት። በመካከላቸው ለምርቃቱ ያቆሙት የብረት ሰሌዳ ተገትሯል፤ «ፑካሎማ፦ በቴክኖሎጂ የተጠበቀች መንደር» የሚለው፣ የቤት ግድግዳ የሚያህል ፈገግታዎ ያለበት። ሁለት ሳምንት ተቀምጬ መዘገብኩ። ነፋስ ተነስቶ እርስዎ ዘንበል ሲሉ ኔትወርክ ይመጣል፤ ቀና ሲሉ ይጠፋል። እንዳናነሳው ከሥሩ «የነካ በሕግ ይጠየቃል» ተብሎ ተጽፏል። ፈቃድ ጠይቀን ነበር፤ መልሱ በሠላሳ የሥራ ቀናት ውስጥ በዚያው ኮምፒውተር እንደሚላክልን ተነግሮናል።

፫ኛ፦ ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ በጨዋ ቋንቋ የምለውጠው ቃል አጣሁለት። ባለፈው ወር ተራራው አጓርቶ ቀትሩ በአመድ ሲጨልም ማሽኑ ጭጭ አለ። እንውረድ ወይስ እንቆይ የሚለን ጠፋ። እናቴ ማማ ትራንሲቶ ዘጠና ዓመቷ ነው፣ አትራመድም፤ ወንድሞቼ በወጥ ቤት ወንበር ተሸክመዋት እስከ ድልድዩ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። መንገድ ላይ የወንበሩ እግር ተሰበረ። «እኔን እዚሁ ተዉኝና ላሟን ንዱ፤ እሷስ ትታለባለች» አለችን። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን እርስ በርስ መተያየት አቃተን። ያን ቀን አመድ ብቻ ሆኖ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምተኛው።

ስለዚህ ወይ ሰሌዳውን ያንሱልን፣ ወይ ሬዲዮናችንን ይመልሱልን። ሁለቱም ከከበደዎት ለአንድ ሳምንት መጥተው ከፎቶዎ ሥር ይደሩ፤ አልጋ እናነጥፋለን፣ ድንች እንቀቅላለን፣ ጫማዎን እንዳያወልቁም እንመክርዎታለን።

በጥላዎ ሥር የምትኖር፣ ከጥላዎም መውጣት የቸገራት ታዛዥዎ፣

ሶይላ ቺካይሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ፣ በየጠዋቱ ወተታችንን ወደ ከተማ ለሚወስደው ለዶን ሴጉንዶ ልሰጥ ስል ነፋስ ተነሳና እርስዎ ዘንበል አሉ። ኔትወርክ መጣ። አንድ መልእክት ገባ፦ «በአስቸኳይ ውጡ»። የተላከው ሰኞ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል፣ ጅቡ ገና አልሄደም፤ ከላይ ሲያጓራ ይሰማኛል። እኔ ደወሉን እየደወልኩ የቀሩትን ሰዎች አስወጣለሁ። እናቴ በወተቱ መኪና ላይ፣ በጣሳዎቹ መካከል ተቀምጣለች፤ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ የምትሰጥዎ እሷ ናት። እባክዎ ወንበር ይስጧት።