ድመት ያሉት ጥቁር አሳማ

ውድ ወንድም ጋሼ ዮንግፉ፣

ልጅህን ልትድር መሆንህን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ። ለሠርጉ ከጥቁር አሳማችን በመኪና እንድልክልህ መጠየቅህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያንን ግዙፍ ነጭ አሳማ ከከተማ ጭነህ ያመጣኸው አንተ ነህ። መንደሩ በተሰበሰበበት ትንንሾቹን ጥቁር አሳማዎቻችንን እያሳየህ «እነዚህን አይጦቻችሁን ተዉአቸው» አልክ። ታላቄ ስለሆንክ አልተከራከርኩህም። ሰው ሁሉ ሴት አሳማውን በነጩ አስጠቃ። ዲቃላዎቹ በእርግጥ ገዘፉ። ዳገት ግን አይወጡም፤ የስኳር ድንች ቅጠል ሲቀቀልላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።

የባሰው ጥፋት የራሳችን ነው። እንደምታውቀው በየፀደዩ የየቤቱ ወንድ ግልገል አደባባይ ይመጣል፤ ትልቁ ለመንደሩ ዘር ይቀራል፣ ሌላው ይኮላሻል። ታዲያ ትልቁ ሁልጊዜ ዲቃላ ሆነ። የዛሬ አምስት ዓመት ያረጀው ጥቁር ወንድ አሳማ ሲሞት የቀረን ከእሱ የተወለደ አንድ ወንድ ግልገል ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔ። ኮላሹ አባ ሺ ምላጩን ስለው ጠበቁኝ።

«አምጪው» አሉኝ።

«ይሄ ለዘር ይቀራል፣ አባባ።»

«ይሄ? ድመት ነው እንዴ የምታሳድጊው?»

«ድመትም ይሁን፣ አይነኩትም።»

ጎረቤቴ ሹዪን «ወንድሟ ከተማ ገባ፣ እሷ አበደች» ብላ አሳቀችብኝ። ግልገሉን አቅፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አባ ሺ ቆመው ጠበቁ፤ ስላልተነሳሁ ሰለቻቸው። «አንድ ዓመት ሰጥቼሻለሁ። ካላደገ አለቀለት» አሉ።

አላደገም። ዘሩ እኮ ትንሽ ነው። በዚያ ክረምት ግን ዲቃላዎቹ እየሳሉ ሲያልቁ የእኔው ጥቁር በረዶ ላይ ይቦርቅ ነበር። አንድ ጠዋት ሹዪን በሬ ላይ ቆማ «እህቴ፣ ያ ድመትሽ እኛም ቤት ይምጣ» አለችኝ። እኔም በተራዬ ትንሽ አስለመንኳት።

አሁን እንደ ድሮው ተራ ገብተናል። ወንዱ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ያደረበት ቤት ይቀልበዋል። ሴት ግልገል የወሰደ ሰው፣ ያቺ ስትወልድ ጥቁር ለሌለው ቤት ሁለት ሴት ግልገል ይሰጣል። ዘንድሮ ጥቁር ያለው አሥራ ዘጠኝ ቤት ደርሷል። በፀደይም የምናስቀረው ትልቁን ሳይሆን ዳገት የሚወጣውን ነው፤ መራጩም አባ ሺ ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ አሳማ አልልክልህም። ሙሽራዋን ይዘህ አንተ ና፤ ሠርጉ እዚሁ ይሁን።

አንድ ነገር ደብቄህ ኖሬያለሁ። የዚያ ግልገል እናት፣ እኔ ስዳር በቅርጫት አዝለህ ያን ሁሉ ተራራ ወጥተህ ያመጣህልኝ ጥቁር ናት። በአንተ ተናድጄ መቆየት ያቃተኝ ለዚህ ነው። አባ ሺ ዘሩን ማን እንዳተረፈው ሲጠየቁ ስሜን ይጠራሉ፤ ስትመጣ እኔ ያንተን እነግራቸዋለሁ።

የምትጠብቅህ እህትህ፣
ላንዪንግ