አንድ አሳ ለሦስት ሰው

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለዘመድኩን፣

እንዴት ሰነበትክ? የሰመራ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ ደህና ነን። እማዬን ከጉልበቷ በቀር ምንም አይላትም፤ ጠዋት ጠዋት ወንበሯን ምግብ ቤቴ በር ላይ አስወጥታ ትቀመጥና የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ትላለች። ዘንድሮ ዝናቡ በርትቷል። ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ጭቃ ቢሆንም መኪና አላቋረጠም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ባለፈው ስንደዋወል "እንዴት ነህ?" ስልህ ስለምትሠሩት አስፋልት ነገርከኝ። "ምግብ ይስማማሃል?" ስልህ መንገድ ላይ ስለተኛባችሁ ግመል አወራኸኝ። እግርህ እየደነዘዘ እንዳስቸገረህ ስትነግረኝ ደግሞ ሳቅክና "ከጫማው ነው" አልክ። መጨረሻ ላይ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ "እትዬ፣ ይሄን ነገር ባላደርገው ይሻለኝ ነበር" አልክና መስመሩ ተቋረጠ። ይቋረጥ ወይም አንተ ዝጋው፣ አልጠይቅህም። መልሼ ስደውል አላነሳህም። በማግስቱ ለእማዬ ደውለህ ለመስቀል ፈቃድ ስለከለከሉህ እንደማትመጣ ነገርካት። ስለዚህ ልጻፍለት አልኩ። በደብዳቤ ላይ ወሬ ማስለወጥ አትችልም። የሚያደርስልህ ከጫኖ ሙዝ ጭኖ አጠገብህ ወዳለችው ሎጊያ የሚሄደው ሹፌሩ ባርኮት ነው፤ የሺፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል ዱቄትና የምስር ክክም ልኬልሃለሁ።

ዘሜ፣ ሌላውን ሁሉ ከማንበብህ በፊት አንድ ነገር፦ ከጫማው አይደለም። ይህን ደብዳቤ ባነበብክበት ቀን ሆስፒታል ሂድ። "ጨጓራዬን የማሳነስ ቀዶ ጥገና አድርጌአለሁ፣ ያስመልሰኛል፣ እግሬም ይደነዝዘኛል" በላቸው፤ ሦስቱንም ንገራቸው፣ አንዱንም አታስቀር። አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ጥገናውን ለሠራልህ ሐኪምም ደውል። የማስመለሱን ነገር አልነገርከኝም፤ እኔ ግን እንዴት እንዳወቅሁ ካነበብክ በኋላ ይገባሃል።

ከሆስፒታል ስትወጣ የነገርኩህ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነበር። ደክመህ ነበርና በላይህ ላይ ሐሳብ ልጨምርብህ አልፈለግሁም። የቀረውን አሁን ልንገርህ።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ እንዴት እንደነበርኩ ታውቃለህ። ቀን ለእንግዳ አሳ ስጠብስ እውልና ማታ የተረፈውን ብቻዬን ቁጭ ብዬ እበላለሁ። እርቦኝ አልነበረም። ቤቱ ዝም ስለሚል ነበር። ስኳሩ መጣ፣ ጉልበቴም እምቢ አለ፣ መጨረሻ ላይ ከምድጃውና ከግድግዳው መሃል ማለፍ ሲያቅተኝ ምድጃውን አስነቀልኩት። ሰው ግን "ስመኝ አማረባት፣ ሥራ ሲሳካ እንዲህ ነው" ይለኝ ነበር።

ከጫሞ በፒካፕ አሳ የሚያመጣልኝን፣ እንደ እኔው ትዳሩን በሞት ያጣውን ካሱን ታስታውሰዋለህ። ሲወርድ መኪናው ከፍ የሚል፣ ያ ግዙፍ ሰው። ለወራት ጠፋና በሱ ፈንታ የእህቱ ልጅ አሳውን ሲያመላልስ ከርሞ፣ አንድ ቀን ራሱ መጣ። የወንድሙን ኮት የተዋሰ ይመስል ኮቱ ሰፍቶት ነበር። ሲቀላ ሙሉ ያወራ ጀመር፤ አንዱ ስኳር ነው ይላል፣ ሌላው በሹክሹክታ የባሰውን ይላል። እኔ ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

"ጋሽ ካሱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ታመው ነው?"

አሳውን አስቀምጦ ሳቀ። "ታምሜ የነበረው ወፍሬ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም" አለኝ።

ከዚያ ቁጭ ብሎ ስለ ቀዶ ጥገናው ሁሉንም ነገረኝ። አዲስ አበባ የሄድኩትም፣ ኋላም አንተን ያበረታታሁህ፣ ከዚያ ቀን የተነሣ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ መጀመሪያ ደህና ነበርኩ። ሾርባው፣ ገንፎው፣ ሁሉም በተባልኩት መሠረት ሄደ። ችግሩ የመጣው ወደ ምድጃዬ ስመለስ ነው። የእኛን ሥራ ታውቃለህ፤ ቆመህ ትቀምሳለህ፣ ቆመህ ትጎርሳለህ፣ እንግዳ ሲጠራህ ሳታኝክ ትውጣለህ። ያስመልሰኝ ጀመር። የዚህ ነገር ጠባዩ ይህ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ቫይታሚኑም ሆዴን ሲያቃጥለኝ ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ "ማን አድርጊ አለሽ?" የሚሉኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ዘይት ከመጥበሻው ፈንጥቆ እግሬ ላይ ፈሰሰ። የጮኸችው አብራኝ የምትሠራው ሳባ ናት። እኔ አልተሰማኝም። ቆዳዬ ሲነሣ በዓይኔ እያየሁ፣ ዘሜ፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር። በጨርቅ ጠቅልዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ካሱ አሳ ይዞ ሲመጣ ግድግዳ እየያዝኩ ስሄድ አየኝ። ስለ እግሬ አልጠየቀኝም።

"ስመኝ፣ ማስመለሱ ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነው?" አለኝ።

"አልፎ አልፎ ነው" አልኩት።

"እኔ እኮ ሌላ ሰው አይደለሁም። ያለፍኩበት ነው። ለእኔ እውነቱን ንገሪኝ።"

አለቀስኩ። አሳው ገና ከፒካፑ ሳይወርድ እኔን አሳፍሮ ሆስፒታል ወሰደኝ። የአዲስ አበባውን ሐኪም ደውሎ አግኝቶ ስልኩን ለተረኛው ሐኪም ሰጠው። ሲያስመልሰኝ በመክረሙና ቫይታሚኑን በማቆሜ ነርቭን የሚጠብቀው ቫይታሚን ከሰውነቴ አልቆ ነበር። ወዲያው በመርፌ ይሰጡኝ ጀመር። ተረኛው ሐኪም አልተቆጣኝም፤ ግን "ብትዘገዪ ኖሮ እግርሽም አይመለስም፣ አእምሮሽንም ይነካው ነበር" አለኝ። ለወራት በምርኩዝ ሄድኩ። አሁን ድኛለሁ፤ የግራ እግሬ ጣቶች ግን እስካሁን ሙቅና ቀዝቃዛ አይለዩም። ስለዚህ ነው ስትስቅ ያላሳቅከኝ።

ጸጸቱን ደግሞ አትፍራው። ለምን አደረግሁት ያላለ ከእኛ ውስጥ የለም። ካሱም ብሏል። ምግብ ለእኛ ለሆድ ብቻ አልነበረም፤ ስንናደድም ስንደሰትም የምንሮጠው ወደሱ ነበር። ያንን ባንዴ ሲወስዱብህ ቀኑ ይረዝማል፣ በሰው መሃልም ብቻህን ትሆናለህ። ያልፋል። በዝምታ ግን አያልፍም።

አሁን ሐኪሙ ከሚነግርህ ሌላ ኑሮ ያስተማረኝን ስማኝ። የካምፑ ልጆች ከአንድ ትሪ ሲበሉ እኩል ልጉረስ አትበል። የራስህን በትንሽ ሳህን አስወጣና መሃላቸው ተቀመጥ፤ ሳህንህን ይዘህ ክፍልህ እንዳትገባ። እንቁላሉን፣ አሳውን፣ ምስሩን አስቀድም፤ እንጀራው ሆድ ገብቶ ስለሚያብጥ ቦታ ከተረፈ ብቻ። አኝክ፣ አሁንም አኝክ። ውሃ ከምግብ ጋር አትጠጣ፤ ከምግቡ ራቅ አድርገህ፣ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ፉት እያልክ ዋል፣ በዚያ ሐሩር ውሃ እንዳያጥርህ። ስቅ ካለህ ወይም አፍንጫህ ካፈሰሰ በቃህ ማለት ነው፤ ቀጣዩን ጉርሻ ከአፍህ መልሰው። መጠጥ ለጊዜው ይቅርብህ፤ ካሱ በልጁ ሠርግ ላይ ግማሽ ብርሌ ጠጅ ቀምሶ ሙሽሮቹን ትቶ ሚዜዎቹን መረቀ። ቫይታሚኑ ሆድህን ካቃጠለህ ሐኪሙ ይቀይርልሃል እንጂ እንዳትተወው፤ ዕድሜ ልክ አብሮን የሚኖር ነው። ፀጉርህም ሲረግፍ አትደንግጥ፣ ተመልሶ ይበቅላል። የካምፑ ልጆች በድሮ ውፍረትህ "ዶዘር" ማለታቸውን ካላቆሙ ደግሞ ይበሉህ፤ ዶዘርም ይጠገናል።

እሑድ እሑድ ሴቻ ላይ፣ ሁለቱም ሐይቆች ከሚታዩበት አንድ ምግብ ቤት ግቢ እንገናኛለን፤ እኔ፣ ካሱ፣ እና ቤተል የምትባል የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ልጅ፤ እሷም ቀዶ ጥገናውን ያደረገችው አዲስ አበባ ነው። የራሴን አሳ ትቼ እዚያ እሄዳለሁ! አንድ አሳ እናዝዛለን። አስተናጋጁ መጀመሪያ ቀን "ሌላ ሰው ይመጣል?" ብሎ ጠየቀን። "ሌላማ አይመጣም፣ ሙሉ ነን" አለው ካሱ። አሳው ተርፎን ስንነሣ ልጁ አልጣፈጣቸውም ብሎ ተጨንቆ ኃላፊውን ጠራብን። ቤተል እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በመጣችበት ሰሞን ፀጉሯ ረግፎ በሻሽ ተሸፍና፣ አንድ ቃል ሳትናገር ነበር የምትቀመጠው። አሁን መዘምራኑ ፊት ስትቆም ስለምንም አታስብም። እዚያ ማንም ማንንም አይመክርም ማለት ይቻላል። አንዱ የሆነውን ይናገራል፣ ሌላው "እኔም" ይላል፣ በቃ። ሰመራ ብቻህን ነህና በስልክ እናገኝሃለን። ካሱ ቁጥርህን ወስዷል፤ ቢደውልልህ አንሣለት። ስለ ግመሉ ብትነግረው እሱ ይሰማሃል፣ እኔ ነኝ ትዕግሥት የሌለኝ።

አሁን ወደ መስቀሉ ልምጣ። ፈቃድ ከልክለውህ እንዳልሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። የጋሞ ሰው በመስቀል አገሩ ካልገባ ምን እንደሚባል ለአንተ አልነግርህም። የምትፈራው ትሪውን ነው። እኔም ፈርቼው ነበር።

ባለፈው መስቀል ጨንቻ አጎታችን ወርቅአፈራሁ ቤት ነበርን፤ አንተ በሥራ ምክንያት ቀርተህ። ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ጥሏል። አጎታችን አንድ ትልቅ ቁራጭ ሥጋ በቅቤና በዳጣ ለውሶ ዘረጋልኝ። "ጉረሺ እንጂ! እንዲህ ከስተሽ ሰው ምን ይለናል? የእህቴን ልጅ አስርቦ ሰደዳት ይበሉኝ?" አለ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ጎረስኩና ወዲያው ወደ ጓሮ ሮጬ እንሰቱ ሥር አጎንብሼ አስመለስኩ።

ግንባሬን የያዘኝ እጅ የእማዬ ነበር። አፌን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ እጄን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ፤ በሩ ላይ ቆማም ለሁሉም በጋሞኛ ተናገረች። "ልጄ የምትበላውን ራሷ ታውቃለች። ራሷ ትወስዳለች። ማንም እጁን አይዘርጋባት።"

አጎታችን ቢላዋውን አስቀምጦ ከጎኑ ቦታ አስለቀቀልኝ። "እንግዲያው ነዪ እዚህ። መቀመጥ አልተከለከልሽም አይደል?" አለኝ። እስኪመሽ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ አባታችን የማላውቀውን ሲያወራኝ አመሸ። ያን ቀን የበላሁት ትንሽ አይብ ነው። ከዚያ በላይ የጠገብኩበት መስቀል ግን አላስታውስም።

የአንተን ነገር ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ምስጢሩ ያንተ ነው። ከደወልክላት በኋላ ግን "የዚህ ልጅ ድምፅ ቀጥኗል። እንዳንቺ ሆኖ ነው?" አለችኝ። ወደ ምድጃዬ ተመለስኩ። ያ በቃት። በማግስቱ ለአጎታችን አስደውላ "በመጪው መስቀል በቤትህ ማንም ማንንም እንዳያጎርስ" ብላ አዘዘችው። አጎታችን ምክንያቱን ቢጠይቃት "አርጅቻለሁ፣ ጉርሻ ማየት አልወድም" አለችው። ሌላውን ሰው ሁሉ ጉርሻ አስከለከልከው!

ስለዚህ ና። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ አገርህ። ሐኪሙ መንገዱን ካልፈቀደልህ ግን አትምጣ፤ እኛ እንመጣለን። ወደ ጨንቻ የምንወጣው በካሱ ፒካፕ ነው፤ ራሱ ነው አደርሳችኋለሁ ያለው። "ቀኑን ሙሉ ሥራህን ልናስፈታህ ነው?" ስለው "ሥራዬ ይሄ እንዳልሆነ ማን ነገረሽ?" አለኝ። አንተ ከኋላ ወንበር ከነሻንጣህ ተመቻችተህ ትቀመጣለህ፤ ድሮ ቢሆን ለአንተም አይበቃህም ነበር። እኔ እማዬን ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን አስቀምጬ ካንተ ጋር ከኋላ እሆናለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን "ከፊት ከተቀመጥኩ ያቅለሸልሸኛል፣ እኔ ከልጄ ጋር ነኝ፣ አንቺ ከካሱ ጋር ከፊት ሁኚ" ትላለች። በሕይወቷ መኪና አቅለሽልሿት አያውቅም። ምን እንደነካት እንጃ።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ይመልስልህ። በረሃው ይቅለልህ፣ ያገኘኸው ሐኪም የሚሰማህ ይሁን፣ የምትቀምሰው ጥቂቷም ትስማማህ። እናታችን ትስምሃለች።

የምትወድህ እህትህ
ስመኝ

ካሱም ሰላም ይልሃል። አሁን እዚህ የለም፣ አሳ ሊያመጣ ጫሞ ወርዷል፤ ግን እንደሚልህ አውቃለሁ።