የጭኔ ትርታ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2010፣ ቡታጅራ

ወጌሻው ጋሽ ሸምሱ ጭኔን ሊያሹኝ መጥተው እጃቸውን ገና ከማሳረፋቸው አነሱ። ያስመጣቸው አባባ ነው፤ የመስቃንን ሰው ስብራት ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። «ወላሂ፣ ይሄ ትርታ አለው። እኔ የማውቀው አጥንት ነው። ሐኪም ይየው» አሉት። አባባ አንገቱን ደፋ።

አንድ ወር ሆነው። ብየዳ ቤታችን ውስጥ ብረት ስቆርጥ ስባሪው ተፈናጥሮ ጭኔን ወጋኝ። ቁስሉ ደርቋል። ከሥሩ ያበጠው ግን እንደ ልብ ይመታል። ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ማዳመጫውን እብጠቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ለእኔም አሰማኝ። ሹው ሹው ይላል፣ እንደ ክረምት ወንዝ። የደም ሥሬ ተቀዶ ደሙ ዙሪያውን ተጠራቅሟል። ታሽቶ ቢሆን ሊፈነዳ ይችል ነበር አለና ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈልኝ። አባባ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ሲጸልይ በመስኮት አየሁት።

የምፈራው፦ መቆረጥ። ክራንች። ሥራዬን ማጣት። ይህንንም ለአባባ መንገር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6፣ አዲስ አበባ

ሚኒባሱ ውስጥ በርበሬ ተጭኖ ነበር፤ ሽታው በሐሳብ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ በርበሬዋ ከተማ ቆሼ ወሰደኝ። አባባ እዚያ በር ሊገጥም ሲሄድ ይዞኝ ይሄድ ነበር። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ሁለታችንንም ያስነጥሰናል። ያኔ እማዬ በሕይወት ነበረች። «ልጄን ወንድ አደረግሃት» ትለዋለች። «ሠራተኛ ነው ያደረግኳት» ይላል። ድምፃቸው ናፈቀኝ።

ትዝታዬን ለአባባ ነገርኩት። «ታስታውሻለሽ እንዴ?» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ተሠራልኝ። ጭኔን አልከፈቱትም። በብሽሽቴ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ በስክሪን እያዩ የተቀደደው ቦታ ደረሱ። እዚያ ጨርቅ የለበሰ የሽቦ ቱቦ ከውስጥ ዘረጉበት። በማደንዘዣ አላስተኙኝም፤ ሁሉንም አየሁ።

«ብየዳ ነው?» አልኳት ሐኪሟን።

«ያለ እሳት» አለች እየሳቀች። ከዚያ እጄን ወስዳ እብጠቱ ላይ አደረገችው። አይመታም። አለቀስኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ሐኪሟ አልዋሸችኝም። «ወጣት ነሽ፤ ቱቦው ስንት ዓመት እንደሚያገለግልሽ አላውቅም። መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ፣ ቀጠሮሽንም እንዳትዘነጊ» አለችኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተራመድኩ። አባባ እጁን ዘረጋልኝ። ፀጉሩ ምን ያህል እንደሸበተ እስከ ዛሬ ልብ አላልኩም ነበር። መጀመሪያ አልያዝኩትም። ሦስት እርምጃ ሄጄ ያዝኩት፤ መውደቅ ፈርቼ አይደለም።