ለጌታሁን ልጅ ሞተር የመረጥኩ ቀን

የኔ ዓለም፣ ተፌ፣

ሁለተኛ ሙት ዓመትህን ባለፈው እሑድ አወጣን። ካህኑ ጸሎታቸውን አደረሱ፣ ሰዉ ነፍስ ይማር ብሎ በላና ወደየቤቱ ሄደ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር አልጻፍኩልህም። ደምህ እንዲያው ፈስሶ ቀርቶ ምን ብዬ እጽፍልሃለሁ እያልኩ ነው። አሁን የምነግርህ ስላገኘሁ ተቀመጥኩ።

ብሌን ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው "ከጥርስ ቤት አምጪልኝ" ትለኛለች። አልጋችንን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ በድሮው ቦታው ሲሆን ባንተ በኩል ያለውን ግድግዳ ማየት አቃተኝ። በዚህ በዐረብ አገር ሥራህን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቡሪ ሰፈር ካለው ጥርስ ቤት ሰው ሠራሽ ጥርሱን ተቀብዬ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ላሉት ክሊኒኮች አደርሳለሁ። በሞተር። አዎ፣ ተፌ፣ በሞተር ነው ያልኩህ።

አንተ በአውቶቡስና በእግርህ ስትመላለስ የነበረውን ጊዜ አስታውሳለሁ። ሰልፍ ባለ ቀን ድልድዮቹ ሲዘጉ የሰው ጥርስ ኪስህ ውስጥ ያድር ነበር። አንድ ቀን ጫማህን ሳታወልቅ በሩ ላይ ተቀምጠህ፣ "ዛሬ አንዲት አሮጊት በረሃብ ገደልኩ፤ ጥርሷ ይኸው" ብለህ በሳቅ ገደልከኝ። ሞተር ልግዛ ያልከው ያን ሳምንት ነው። በዕድሜህ ብስክሌት እንኳ ነድተህ አታውቅም ነበር። ስለዚህ ወደምናምነው ሰው ሄድን፤ ብሌንን ክርስትና ወዳነሳልን፣ ሳጃና ሰፈር አሮጌ ሞተር ወደሚሸጠው ወደ ጌታሁን።

መጀመሪያ የተቀመጥክባት ያቺ ትንሿ ቀይ ነበረች። ሁለቱም እግሮችህ መሬት ላይ ተዘርግተው ዐርፈው ነበር፤ ፊትህም ዐርፎ ነበር። ጌታሁን ሳቀብህ።

"ይቺ የወተት ማመላለሻ ናት አበልጄ! አንተን የሚያክል ሰው በዚች?"

ከውስጥ ያንን ትልቁን ጥቁር ገፍቶ አወጣው። ቀለሙ ያብረቀርቃል። ስትወጣበት በእግርህ ጣቶች ብቻ ቆምክ።

"እግርህ እኮ አልደረሰም" አልኩህ።

"ይለምደዋል፣ ኻላስ፣ በቃ" አለኝ እሱ ባንተ ፈንታ። "አበልጄ፣ ሚስት እየሰማህ ሞተር አትገዛም። እንደ ወንድም ነው የማስብልህ።"

አንተ እኔንም እሱንም ላለማስቀየም ፈገግ አልክ። ጥቁሩን ይዘን ወጣን።

ወር አልሞላህም። ወደ ባሕሪ በሚያሻግረው ድልድይ መሐል ላይ ከፊትህ ያለው ሚኒባስ ድንገት ቆመ፤ አንተም የፊት ፍሬን ያዝክ። የሚኒባሱ ረዳት ቤት ድረስ መጥቶ ነገረኝ። "ጎማው ብቻውን ቀድሞት ሄደ፤ ሰውየው ወደ ፊት ወደቀ" አለኝ። የትራፊኩ መኮንን ግን ጀማሪ ነጂ ስለሆነ ነው ብሎ ጽፎ ዘጋው። በለቅሶህ ላይ ከሁሉ በላይ የጮኸው ጌታሁን ነበር። ሣጥንህን ከፊት የተሸከመውም እሱ ነው። ያን ጊዜ ትከሻውን ይዤ አጽናንቼዋለሁ። እጄን ዛሬም ይቀፈኛል።

ከአርባህ በኋላ ስብርባሪውን ለመለዋወጫ ልሸጥ ባሕሪ ወዳሉት ጋራዦች ወሰድኩት። ሁሉ ዓም ዑስማን፣ አጎት ዑስማን የሚላቸው ሽማግሌ መካኒክ የፊት ጎማውን ይዘው የሚወርዱትን ሁለት ዘንጎች አገላብጠው አዩ። ከዚያ በጥፍራቸው ቀለሙን ፋቁት። ከሥሩ ብረቱ በእሳት ተለብልቦ ሰማያዊ ሆኗል።

"ያ ብቲ፣ ይህን ብረት ዐውቀዋለሁ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። "ያ ያገርሽ ሰው፣ ሳጃና ሞተር የሚሸጠው፣ ተጣሞበት አቃናልኝ ብሎ አምጥቶት ነበር። ይህ አይቃናም፣ ጣለው፣ ሰው ይገድላል አልኩት። ተቆጥቶ ጭኖት ሄደ። ሌላ ቦታ በእሳት አቃንቶት ቀለም ቀብቶታል።"

ብረቱን አቅፌ ተቀመጥኩ። ያን ቀን አላለቀስኩም። ልቅሶዬ እዚያ አለቀ፤ በቦታው ሌላ ነገር ገባ።

ጌታሁን ሱቅ ሄጄ ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት። አየው። ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ አልካደም፣ አላመነም።

"ሞተር ብረት ነው፤ ብረት ይሰበራል" አለኝ። "ቀኑ ደርሶ ነው። ማዕሌሽ፣ አበልጄ።"

ማዕሌሽ! እዚህ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ሰው እግርህን ሲረግጥህ የሚልህን ቃል ነው ስለ ሞትህ ያለኝ። ከስሼ የትም እንደማልደርስ ያውቃል፤ የመኖሪያ ወረቀታችን ጊዜው ካለፈ መቆየቱ ከሱ የደበቅነው ነገር አልነበረም። አልዋሽህም፣ ተፌ፤ ሱቁን ላቃጥል ቤንዚን ገዝቼ ነበር። ጀሪካኑ አልጋ ሥር ሰነበተ። ብሌን ላዩ ላይ አሻንጉሊቷን አስቀምጣ ስትጫወት ሳያት አውጥቼ ለጎረቤት ሰጠሁት።

ከዚያ ወደ ዓም ዑስማን ተመለስኩ። "ጀማሪ ሰው ሞተር እንዴት ነው የሚመርጠው? ሁሉንም ያስተምሩኝ" አልኳቸው። ለምን ሳይሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ። እግር ሙሉ በሙሉ መሬት ካልረገጠ አይገዛም። ከወደቀ ብቻህን ማንሳት ካልቻልክ አይገዛም። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ተጠራጠር፤ ቀዝቅዞ ሳለ በፊትህ ያስነሣው። አዲስ ቀለም ካየህ ምን እንደሸፈነ ጠይቅ። ጉልበቱ ትንሽ ይሁን፤ ስህተትህን ይቅር የሚልህ ትንሹ ነው። ይህን ሁሉ አንተን የሚወድ ሰው በአንድ ከሰዓት ሊነግርህ ይችል ነበር።

ለራሴ ትንሽ ግራጫ ሞተር መረጥኩ። ቡሪ ካለው ባዶ ሜዳ ላይ ተማርኩ፣ ወደቅሁ፣ አነሣሁት፣ እንደገና ወደቅሁ። ሴት በሞተር ብሎ ያልተጠቋቆመብኝ የሳጃና ሰው የለም። ይጠቋቆሙ አልኩ። ሥራዬን ስጨርስ ከጌታሁን ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ጭማቂ ቤት እቀመጥ ጀመር። አዲስ ገዢ ሲመጣ ብርጭቆዬን አስቀምጬ እሻገራለሁ።

"ወንድሜ፣ ከመክፈልህ በፊት አንድ ነገር ላሳይህ" እለዋለሁ። ቀለሙን በጥፍሬ እፍቃለሁ፣ ቁጭ ብለህ እግርህን አውርድ እለዋለሁ። ከዚያ አንተን እነግረዋለሁ፤ ስምህን፣ ሥራህን፣ ድልድዩን። ሰውየው ይሄዳል። በማግስቱ እኔ ይዤው ሌላ ቦታ እንገዛለን።

ጌታሁን መጀመሪያ ሰደበኝ። ቀጥሎ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። "ጥራ፤ ዘንጉን ይዤ እጠብቃቸዋለሁ" አልኩት፤ አልጠራም። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች እቤቴ መጥተው "ልጄ፣ ሰውየው ቤተሰብ አለው፤ እንጀራውን አትዝጊበት" አሉኝ።

"የኔ ቤተሰብ ድልድይ ላይ ነው የቀረው" አልኳቸው። "አውቄ ነው የሸጥኩለት ብሎ በሰው ፊት ይናገር።" መልስ ይዘው አልመጡም። ሱቁ ከፋሲካ በፊት ተዘጋ። መዝጊያው ላይ ሰንሰለት ሲያስር ከጭማቂ ቤቱ ሆኜ አየሁት፤ ብርጭቆዬንም እስከ ታች ጠጣሁ። የንስሐ አባቴ "ይህን ይዘሽ አትቆርቢም" ብለውኛል። እስካሁን አልቆረብኩም።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርህ። ባለፈው ወር ሚስቱ ዘውዴ በሬን አንኳኳች። ቆማ አለቀሰች።

"ሂሩትዬ፣ እሱ እንደመጣሁ አያውቅም" አለችኝ። "ልጄ ናሆም ዕቃ ማድረስ ሊጀምር ነው። ቤታችን የሚበላው እሱ ሲሠራ ነው። ሞተር ነድቶ አያውቅም። አባቱ እመርጥለታለሁ ቢለው ልጁ እምቢ አለ። 'ሂሩት ትምረጥልኝ፤ ያለዚያ አልነዳም' አለኝ።"

ጸሎቴ ተሰማ ብዬ ነው ያሰብኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። የጌታሁን ልጅ በእጄ ገባ።

ከናሆም ጋር ባሕሪ አሮጌ ሞተር ገበያ ሄድን። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረጋ ያለ፣ እናቱን የሚመስል። ሲያሳድዱት እንደኖሩ ሁሉ ከኋላዬ ይሄዳል። አንዱን ረጅም ሰማያዊ ሞተር ሲያይ ዐይኑ በራ፤ ወጣበት። ተረከዙ ተንጠለጠለ። ወደ ፊት ገፋ አድርጌ የኋላውን ፍሬን ጫን ብዬ ስይዘው ጎማው አልቆመም።

"ይሄ ይሁንልኝ፣ እትዬ?" አለኝ።

ሻጩ ሳቀና "ይለምደዋል" አለኝ በዐረብኛ። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ፤ እሺ ማለት ብቻ። ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ትራፊኩ ጀማሪ ነው ብሎ ይጽፍ ነበር። ጌታሁን ሣጥኑን ከፊት ይሸከም ነበር፤ እኔም ሄጄ "ማዕሌሽ፣ አበልጄ" እለው ነበር። ተፌ፣ ቃሉን ምላሴ ላይ ቀመስኩት። ጣፈጠኝ።

ልጁ እየጠበቀኝ ነበር። እንዳንተ ፈገግ ብሎ፣ ማንንም ላለማስቀየም።

"ውረድ" አልኩት። ድምፄ ስላስደነገጠው ዘሎ ወረደ።

እስኪመሽ ዞርን። በመጨረሻ ትንሽ ነጭ አገኘን፤ እግሩ ሙሉ ለሙሉ መሬት የሚረግጥባት፣ ፍሬኗ የሚይዝ። ሁለት ጊዜ አጋድሜ አንሣት አልኩት፤ አነሣት። ሁለት ሳምንት ሜዳው ላይ አስተማርኩት። ፍሬኑን ጨምድዶ ሲይዝ ጮኽኩበት፣ ሲችል ግን አላመሰገንኩትም።

ዘውዴ እግሬ ላይ ልትወድቅ መጣች። ያዝኳት።

"አትሳሳቺ" አልኳት። "ባልሽን ይቅር አላልኩም። ለልጅሽ ደህናውን የመረጥኩለት በየማታው በሰላም እንዲገባ ነው። በገባ ቁጥር አባቱ ያየዋል። ሰው እንዴት እንደሚመረጥለት ያያል። ይህን ንገሪው፤ አንድም ቃል ሳታስቀሪ ንገሪው።"

ነገረችው። እንደነገረችኝ፣ ጌታሁን ልጁ እስኪገባ እንጀራ አይቀርብለትም። ሲመሽ በር ላይ ይቆማል። ናሆም ገብቶ ሞተሩን ሲያጠፋ አባትየው ወደ ቤት አይገባም፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ብዙ ይቆያል። ባለፈው እሑድ፣ አንተን ዘክረን በተለያየንበት ቀን፣ እንደዚያ ቆሞ ስምህን ሲጠራ ሰማችው።

ይቁም።

እኔ ልረሳህ አልችልም፣ የኔ ዓለም፤ ይህን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። የምገባልህ ቃል ሌላ ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ እሱም አይረሳህም።

ያንተው ሂሩት