የሹሙ ሱሪ ከመዝገበ ዕውቀት ስለ መቅረቱ

ለታላቁ መዝገበ ዕውቀት አዘጋጅ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለተከበሩት የኮሚቴዎ አባላት የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን የዓለም ዕውቀት ተሸክማችሁ ስትወጡ ስትወርዱ ወገባችሁን ክፉ እንዳይነካው ዘወትር እጸልያለሁ። ሶፋ አዳሽ ነኝና ወገብ ሲከዳ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ የቀረውን ትምህርቴን ያገኘሁት ሰዎች ሶፋ ውስጥ ከሚጠቀጥቋቸው አሮጌ ጋዜጦች ስለሆነ፣ በአጻጻፌ የሚያጎረብጥ ነገር ቢያገኙ እንደ ላላ ስፕሪንግ ቆጥረው ይለፉኝ።

ጉዳዩን ከሥሩ ላስረዳ። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ቤተሰቡ «ፌንጣ» የሚላት የእህቴ ልጅ አለች። የክፍል አስተማሪዋ «ከቤታችሁ አዛውንት የሰማችሁትን አንድ የቃል ቅርስ ጽፋችሁ ኑ» ብለው የቤት ሥራ ይሰጣሉ። ፌንጣም አያቷን፣ ማለትም እናቴን፣ ትጠይቃለች። እናቴ ምሳሌያዊ አነጋገር አጥታ አታውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ምክር ምክር አላላትም መሰለኝ፣ በልጅነቷ ከእኩዮቿ ጋር ትለው የነበረውን ዘፈን ከነጭብጨባው አስተማረቻት። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ክቡርነትዎ ፈጽሞ እንደማያውቁት በጽሑፍ ስላረጋገጡልኝ፣ ለማስታወስ ሳይሆን ለማስተዋወቅ ያህል እጠቅሰዋለሁ፦

የሹሙ ሱሪ ተቀዶ ከኋላ፣
ጨረቃ ወጣች ለሁለት ተከፍላ።
ነፋስ ነው ብላችሁ መስኮት አትዝጉበት፣
ነፋሱ ከውስጥ ነው፣ ሹሙ ፈስቶበት።

አስተማሪዋ ለዚህ ቅርስ ዜሮ ሰጡ። ዜሮዋ ቀይ፣ ክብና ደልዳላ ነበረች፤ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ካየቻት በኋላ «ይህቺስ ራሷ የሹሙን ትመስላለች» አለች። ከዜሮዋ ሥር «ይህ ዕውቀት አይደለም፤ ከታላቁ መዝገበ ዕውቀት ምንጭ ካልቀረበበት ውጤቱ አይታረምም» የሚል ተጽፏል። እኛ ትልልቆቹ ሳቅን። ፌንጣ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ዘፈን የለም፤ ልጅቷ እጇን የምታጋጨው ትንኝ ለመግደል ብቻ ሆኗል። እንግዲህ ዘፈኑ በመዝገባችሁ እንዲገባ ማመልከቻ የጻፍኩልዎ ሥራ ፈትቼ ሳይሆን ስለዚህች ልጅ ዝምታ ነው። ለሰጡኝ ዝርዝር መልስ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሆኖም ጥቂት ነገሮች ከንክነውኛል።

አንደኛ፦ ዘፈኑ «የሰውነት ክፍሎችን ከክብራቸው ውጭ ያነሣል» ብለዋል። በሥራዬ መሐል ቤተ መጻሕፍት ጎራ ማለት እወዳለሁና ስለ አንጀት ያወጣችሁትን ባለቀለም ሥዕል ሰፊ ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። እጅግ ግሩም ነው። እህልን ከአፍ ተቀብላችሁ፣ በየጠመዝማዛው እየመራችሁ፣ እስከ መጨረሻው በር ታደርሱታላችሁ። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ጽሑፉ ያልቃል። እንግዳን እስከ ደጃፍ ሸኝቶ በሩን አለመክፈት ምን ዓይነት ጨዋነት እንደሆነ ቢያስረዱኝ ደስታውን አልችለውም። ያ በር ሲከፈት የሚሆነውን ከእናንተ ይልቅ ልጆቹ በታማኝነት መዝግበውታል፤ ድምፁንም ጭምር።

ሁለተኛ፦ «ደራሲው አይታወቅም» ብለዋል። እውነት ነው። መርፌን የፈለሰፈም አይታወቅም፤ እናንተ ግን ስለ መርፌ ስትጽፉ ያንን ያልታወቀ ሰው «የሰው ልጅ ባለውለታ» ብላችሁ አመስግናችሁታል። በመርፌ የማድር ሰው ነኝና ምስጋናውን እደግፋለሁ። ብቻ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ይህን ዘፈን መጀመሪያ ያለው ልጅ ስሙን ቢናገር ኖሮ የሚጠብቀው ኩርኩም እንጂ ውለታ አልነበረምና፣ ስሙን መደበቁ የአእምሮውን ብስለት ያሳያል።

ሦስተኛ፦ ኮሚቴው ከልግስናው ብዛት ዘፈኑን «ለትውልድ በሚመጥን መልኩ» አርሞ ልኮልኛል። «የሹሙ ሱሪ በጊዜ ተሰፍቶ፣ ሕዝቡ ተደሰተ ሥራውን ተግቶ።» ይህን ለመጻፍ ስንት ሊቃውንት እንደ ተቀመጡ ባላውቅም ድካማቸው እንዳይቀር ብዬ ለሰፈሩ ልጆች አነበብኩላቸው። የሚያጨበጭቡበት ቦታ ፈልገው አጡ። በመጨረሻ አንዷ ጠጋ ብላ፣ በዝግታ፣ ማን እንደ ሞተ ጠየቀችኝ።

አራተኛውና ዋናው፦ «ዘፈኑ በሰፊው ለመታወቁ ማስረጃ የለም» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ይግባኝ ልጠይቅ መሥሪያ ቤትዎ ድረስ መጣሁ። የበር ጥበቃው በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ መሆናቸውን፣ ስብሰባው ሲያልቅም ሌላ ስብሰባ እንዳላቸው ነግረው ከደረጃው ሥር አስቀመጡኝ። በነገራችን ላይ የዚያ መቀመጫ ስፖንጅ አልቋል፤ ባለጉዳይ ቶሎ እንዲነሣ ታስቦ ከሆነ ግን ሥራው የተዋጣለት ነው። እንደ ተቀመጥኩ ቀና ብዬ ሳይ ደረጃው እስከ ላይኛው ፎቅ ክፍት ነው፤ ሳል እንኳ ብትስል ጣራ ደርሶ ይመለሳል። ማስረጃ ፍለጋ ነው የመጣሁትና ያንን የመሰለ ዕድል ማባከን አልፈለግኩም። ጉሮሮዬን ጠርጌ የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ አወረድኩ። «የሹሙ ሱሪ ተቀዶ ከኋላ» ብዬ ዝም አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ የምዋሽ ከሆነ ዐይኔን ግንባር ያድርገው። መጀመሪያ የተቀበሉኝ የበር ጥበቃው ናቸው፤ ጨረቃዋን ሲያወጡ ቆባቸውን እንኳ አላወለቁም። ከማኅተም ክፍል አንዲት ሴት በቀጭን ድምፅ ስለ መስኮቱ አስጠነቀቀች። ፋይል ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ኮስታራ ሰው ለጭብጨባው ሁለት እጅ ስላስፈለጋቸው ፋይሉን ለቀቁት፤ ወረቀቱም እንደ እርግብ በደረጃው ላይ በረረ። ከሁለተኛው ፎቅ ነፋሱ መጣ፣ ከድምፁ ጋር፤ ድምፁን በአፋቸው እንዳወጡት ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚያም ከሦስተኛው ፎቅ፣ የእርስዎ ስም ከተጻፈበት ከተዘጋው በር ጀርባ፣ እንደ ከበሮ የሚያስገመግም አንድ ወፍራም ድምፅ እኛ ያቆምንበትን ሳይሰማ ቀጠለ። ያልሰማሁት ስንኝ ነበር። ወንፊት ያለበት ነው። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ፤ አንድ ሰውም ለረጅም ጊዜ ሳለ።

በማግሥቱ «ባደረግነው ጥልቅ ማጣራት ዘፈኑን የሚያውቅ አንድም ሰው በመሥሪያ ቤታችን አልተገኘም» የሚል፣ በእርስዎ ፊርማ የተጌጠ ደብዳቤ ደረሰኝ። ማኅተሙ ትንሽ ተንሻፎ ነበር። የመታችው ሴት እየሳቀች ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለፌንጣ ነገርኳት። የዘፈኑ ነገር ይህን ያህል ሰው ካስጮኸ ታላቁ መጽሐፍ ውስጥ መግባቱ አይቀርም ብዬ ላጽናናት ስል፣ ፊቷ ጭራሽ ጠቆረ። «ጋሼ፣ በናትህ ተወው!» አለች። መጽሐፍ ውስጥ ከገባ አስተማሪዋ ያስተምሩታል፤ ካስተማሩት ፈተና ላይ ይመጣል፤ «ጨረቃዋ ለምን ለሁለት ተከፈለች? በአምስት ዐረፍተ ነገር አብራሩ» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይዘፍነዋል? እኔ ይህን አላሰብኩም ነበር። በመዝገባችሁ ቅጾች ውስጥ ሰው ይወለዳል፣ ይሾማል፣ ይዋጋል፣ ይሞታል፤ እስካሁን ሲስቅ ያገኘሁት የለም። ምናልባት የሚስቅ ሰው ወደ እናንተ እንዳይመጣ የምትከለክሉት አዝናችሁለት ይሆናል። ከሆነ ተሳስቼ ነበርና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማመልከቻዬን በሙሉ አንሥቻለሁ። እባክዎን ዘፈኑን አያስገቡት፤ ከደጅ ይኑር፣ በደጅ ነው የሚያምርበት።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ጥልቅ ማጣራትዎና ስለማይረሳው ድምፅዎ እጅ እየነሣሁ፣ ዕውቀታችሁ እንዲሰፋ፣ ሱሪያችሁም እንዳይቀደድ የምመኝ፣

በአክብሮት
ሶፋ አዳሹ፣ የፌንጣ አጎት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ወንፊት ያለበትን ስንኝ ለእናቴ ባሰማት፣ ሁሉን አውቃለሁ የምትለው ሴትዮ ቀልታ በሩን እንድዘጋው አዘዘችኝ፤ ከዚያም ድገመው አለች። ፌንጣ ከበሩ ጀርባ ሆና ሰምታው ኖሮ፣ ዛሬ እያጨበጨበች የቤት ሥራዋን እንደገና ጽፋለች። አስተማሪዋ ምንጭ ጠይቀው የለ? ከሥሩ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቷ «ምንጭ፦ የታላቁ መዝገበ ዕውቀት ሰብሳቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በቃል» ብላለች። አስተማሪዋ ሰኞ ለማረጋገጥ ይደውሉልዎታል። ከተጠራጠሩ እባክዎን አንድ ጊዜ ያንጎራጉሩላቸው።